ባቄላውን የጠመዘዘው አቧራው ነው?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ዕድሜዬ ስልሳን አልፏል። ከማሳዬ ማዶ ሦስት መቶ ሜትር በማይሞላ ቦታ ክሬሸር ከተተከለ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥቁር ድንጋይ እየፈጨ ጠጠር ያወጣል። አቧራው ቤቱንም ዛፉንም ሰብሉንም አመድ አስመስሎታል። ዘንድሮ ባቄላዬ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አበባውን አራገፈ። ከጤፉ ድንበር ያለው ደግሞ ጫፉ እንደ በግ ቀንድ ተጠማዞ ቀረ። ከአምስት ቀፎዬ ሁለቱ ጥቅምት ላይ ባዶ ሆኑ፤ የሞተ ንብ ግን አላየሁም። ዘጠኝ ሊትር ትሰጠኝ የነበረችው ድቅል ላሜ ስድስት ገብታለች። ማለዳ ማለዳም ታስላለች። እኔ ሁሉም የአቧራው ሥራ ነው እላለሁ። ልጄ ‹ማስረጃ የለህም› ይለኛል። ለመክሰስ አስቤያለሁ፤ እውነቱን ንገሩኝ።»

መልስ፦

አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። አቧራው ጎድቶዎታል። ግን የጻፉልኝ ሁሉ የእሱ ሥራ አይደለም። አንዱን ጥፋት ያደረሰው ሌላ ነው። እሱም በአየር የመጣ ነው፤ ክሬሸሩ ግን የለበትም። ይህን ሳይለዩ አቤት ቢሉ በክርክሩ ገና ከበሩ ይሸነፋሉ።

ከባቄላው ልጀምር።

ነሐሴ መጨረሻ ነው ያሉኝ። እስቲ ነሐሴን ያስቡት። ሰማዩ ያካፋል፣ ድንጋዩ ርጥብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ ደግሞ ቅጠሉን እንደ ሳህን አጥቦት ይሄዳል። አቧራ ቅጠል ላይ ተጋግሮ ጉዳት እንዲያደርስ ዝናብ የማያገኘው ጊዜ ይፈልጋል። ያ ጊዜ በእናንተ አገር የሚጀምረው ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ነው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ለረገፈው አበባ አቧራውን መክሰስ ይከብደኛል።

ደግሞ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት መስመር አለች። «ከጤፉ ድንበር ያለው ጫፉ እንደ በግ ቀንድ ተጠማዞ ቀረ።» ደብዳቤውን ሁለቴ ያነበብኩት ለዚህች መስመር ስል ነው። አቧራ ቅጠል ያነጣል፣ ያቀጭጫል፣ ያደርቃል። ግንድ አይጠመዝዝም። ጫፉንና ግንዱን እንዲህ አድርጎ የሚጠመዝዘው፣ ያውም ከጤፍ ድንበር ብቻ ጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱ-ፎር-ዲ ነው። የአረም ማጥፊያው ማለቴ ነው።

ቱ-ፎር-ዲ እንደ እሳት የሚያቃጥል ነገር አይደለም። የተክሉን የዕድገት ቅመም አስመስሎ ይገባና ያሳብደዋል። ተክሉ ያለ ልክ ሊያድግ ሲሞክር ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ እንደ ሲኒ ይጎደጉዳል፣ አበባውን ይጥላል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሣር ወገን ስለሆኑ ይችሉታል። ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ይሞታል። ባቄላ ደግሞ ሰፊ ቅጠል ነው። ለኬሚካሉ ባቄላና አረም አንድ ናቸው።

ጊዜውም ልክክ ይላል። ጤፍ ሐምሌ ውስጥ ይዘራል፤ ነሐሴ ላይ አረሙ ይረጫል። ያኔ ባቄላዎ አበባ ላይ ነበር። ጤፉ የጎረቤት ከሆነ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ተረጭቶ ብናኙ ተሻግሯል። ጤፉ የራስዎ ከሆነ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፓምፑ የእርስዎ ነው።

ይህን ስል አልታዘብዎትም። እኔ ራሴ ገና የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ አንድ የሠርቶ ማሳያ ባቄላ ገድያለሁ። በዋዜማው ስንዴ ላይ ቱ-ፎር-ዲ የረጨሁበትን ፓምፕ በውኃ አንድ ጊዜ ለቅለቅ አድርጌ፣ በማግስቱ ባቄላው ላይ የክሽክሽ መድኃኒት ረጨሁበት። በአራተኛው ቀን ማሳው ሁሉ አንገቱን ጠምዝዞ ጠበቀኝ። ባለማሳው ምንም አላለኝም። ዝም ማለቱ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

የሚቻል ከሆነ ለአረም ማጥፊያ የተለየ ፓምፕ ይያዙ። ካልተቻለ ሦስት ጊዜ ይጠቡት። ሁለተኛውን በኦሞ ያድርጉትና ውኃውን ቱቦውም አፍንጫውም ውስጥ ሳይወጣ ያሳድሩት። እጥበቱን ወንዝ ዳር አይድፉ። ርጭቱ ማለዳ፣ ነፋሱ ቅጠል ብቻ በሚያወዛውዝበት ሰዓት፣ ከባቄላው ወደ ውጭ ሲነፍስ ይሁን። ዘንጉን ዝቅ አድርገው ይያዙት። ጠብታው ጉም ከመሰለ የፓምፑ ግፊት በዝቷል ማለት ነው። ከጎረቤት ጋርም ሐምሌ ላይ ቡና ተጠጥቶ ቢነጋገሩ ይሻላል። ነሐሴ ላይ ከሆነ ጠብ ነው።

ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ግን ሁለት ነገር ያረጋግጡልኝ። ባልተጠማዘዘው ባቄላ ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረ? ከነበረ አበባውን ያረገፈው እርጥበት የሚወደው የቸኮሌት በሽታ ሊሆን ይችላል። ወይስ ቅጠሉ አብጦ፣ አረንጓዴ ኪንታሮት የመሰለ ነገር አውጥቶ ነበር? እሱ እናንተ አገር ቆርምድ የሚሉት ነው። ሰሜን ሸዋ ስለ ቆርምድ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ሁለቱም በፈንገስ የሚመጡ በሽታዎች ናቸው፤ አቧራም ኬሚካልም አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ አቧራው።

ቅጠል የሚተነፍሰው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ወንፊት ዱቄት ሲጋገርበት ምን እንደሚሆን ወይዘሮዎን ይጠይቋቸው። ቀዳዳው ይደፈናል፣ አየር አይገባም። ከላይ የተነጠፈው አቧራ ደግሞ ፀሐይዋን ይጋርዳል፤ ቅጠሉም ይግላል። ምግቡን የሚሠራው በፀሐይና በአየር ነውና ሁለቱም ሲቀንሱበት ይቀጭጫል። አበባ ላይ ሲያርፍም የወንዴው ዘር ሴቴው ጫፍ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ጉዳቱ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። የጤፍ ቅጠል ቀጭን ነው፣ ነፋስ ያራግፈዋል፣ አበባውም ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ንብ አይለምንም። ስለዚህ ጤፍዎ ከባቄላው ይልቅ ይቋቋማል። የጤፍ ችግር የሚመጣው ኋላ አውድማ ላይ ነው። አቧራው ከፍሬው ጋር ይወቃል። እንጀራው ጥርስ ሥር ሲንቀጫቀጭ ነጋዴው ዋጋ ይቀንስብዎታል። ክምሩንም አውድማውንም ከክሬሸሩ ነፋስ ያርቁ።

አንድ የተደበቀ ነገርም አለ። አቧራ የለበሰ ተክል ላይ ቀይ ሸረሪት ይበዛል። ሸረሪቷን የሚበሏት ጥቃቅን ነፍሳት አቧራ ውስጥ መሥራት ስለማይችሉ ነው። ቲማቲም ወይም ድንች በመስኖ ከጀመሩ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው ይዩ።

አፈሩስ? ስለ አፈሩ አይጨነቁ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገረማል። የሲሚንቶ አቧራ ቢሆን ሌላ ነገር እነግርዎት ነበር፤ ጤዛ ሲያገኘው ቅጠል ላይ ይደርቃል፣ ያቃጥላልም። ጥቁር ድንጋይ ግን የእናንተው አፈር አያት ነው። ያ ጥቁር መሬት የተሠራው ይኸው ድንጋይ በሺህና በሺህ ዘመን ሲፈረፈር ነው። የሚጎዳዎት ቅጠል ላይ፣ አበባ ላይና ሳንባ ውስጥ ሲገባ ነው።

ዛፎችዎን ልብ ይበሉ። ከክሬሸሩ ርቆ ያለ፣ ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ አሮጌ ጽድ፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ግራጫ ጢም የተንጠለጠለ የዛፍ ሽበት ይኖረዋል። ሽበቷ ሥር የላትም፤ የምትኖረው ከአየርና ከዝናብ በምታገኘው ነው። አየሩ ሲበላሽ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። በሽበት የአየርን ንጽሕና መለካት በአውሮፓ የቆየ ሥራ ነው። እርስዎም ያንን ጽድ ከክሬሸሩ አጠገብ ካሉት ዛፎች ጋር አነጻጽረው ያለ ምንም መሣሪያ ሊያዩት ይችላሉ።

ንቦችዎ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

የሞተ ንብ አላየሁም ማለትዎ ትልቅ ነገር ነው። ፀረ ተባይ የገደላቸው ንቦች ቀፎው ደጃፍ ላይ ይከመራሉ፤ ብዙዎቹ ምላሳቸው ወጥቶ ይሞታሉ። የእርስዎ ግን አልሞቱም፤ ኮብልለዋል። የእኛ አገር ንብ ቦታው ካልተመቻት አትለማመጥም፣ ጥላ ትሄዳለች። ጉንዳን፣ የሰም እራትና የውኃ እጦትም ያኮበልላሉና ባዶዎቹን ቀፎዎች ከፍተው ሰሙን ይዩ። ሰሙ ላይ ድር ከሌለ፣ ጉንዳንም ካልገባ፣ ክሬሸሩን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለዎት።

የወሩን ክፋት ያስቡት። አደይ አበባና መጭ የሚፈነዱት፣ ንቧ የዓመቱን ማር የምትሰበስበው፣ ልክ ዝናቡ አባርቶ አቧራው በሚነሣበት ወር ነው። አበባው ላይ ከወለላ ይልቅ የድንጋይ ዱቄት ታገኛለች። በዚያ ላይ የገልባጭ መኪናው ጭስ አለ። ንብ አበባ የምታገኘው በመዓዛው ነው፤ የናፍጣ ጭስ ደግሞ መዓዛውን ያበላሸዋል። የእንግሊዙ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2022 ባወጡት የመስክ ጥናት፣ የናፍጣ ጭስና ኦዞን በተለቀቀበት የሰናፍጭ ማሳ ላይ አበባ የሚጎበኙት ነፍሳት እስከ 70 በመቶ ቀንሰዋል። የለቀቁት ጭስ ደግሞ ከተማ ውስጥ ከሚተነፈሰው የከፋ አልነበረም። የባቄላ አበባም ንብ ስትጎበኘው የበለጠ ይይዛልና፣ የንብ መኮብለል የባቄላም ጉዳይ ነው።

የቀሩትን ሦስት ቀፎዎች ያንሡ። ግን አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ወስደው እንዳያስቀምጧቸው። መንገዱን ስለሚያውቁት ለቀሰም የወጡት ሁሉ ወደ ድሮው ቦታ ይመለሱብዎታል። ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሁን። ማታ ሁሉም ከገቡ በኋላ መግቢያውን አየር በሚያስገባ ጨርቅ ዘግተው፣ ሳያናውጡ፣ ሌሊቱን ይውሰዷቸው። ከፋብሪካም ከመንገድም ርቆ ንብ የሚቀበል ዘመድ አያጡም። ቦታው ላይ ጥልቀት በሌለው ሳህን ውኃ ያኑሩ፤ እንዳይሰምጡ ጠጠር ጣል ያድርጉበት። ጠጠር እንኳን ከእናንተ ሰፈር አይጠፋም።

ላሟ ላይ ደግሞ ትንሽ ልከራከርዎት ነው።

ወተቱ የቀነሰው በአቧራ ሊሆን ይችላል። ድርቆሹንና ጭዱን የት ነው የሚከምሩት? መንገድ ዳር ከሆነ ላሟ የምትበላው ግማሹን ድንጋይ ነው። አቧራ ያለበት መኖ ትንቃለች፤ ስትበላውም ጥርሷን ይሞርደዋል። የበላችው ሲያንስ የምታልቡት ያንሳል። ክምሩን በሸራ ይሸፍኑ። ከመስጠትዎ በፊት ያራግፉትና ውኃ አርከፍክፉበት። ይህን አሥር ቀን ያድርጉና የወተቱን ሊትር በየቀኑ ይጻፉ። ከስድስት ከፍ ካለ አንዱን መልስ አገኙ።

ሳሉ ግን ማለዳ ማለዳ ነው ብለዋል። ክሬሸሩ ሌሊት ይሠራል? ካልሠራ ላሟ ሌሊቱን ያደረችበትን አየር እንመርምር። ነገ ንጋት ላይ፣ በሩ ሳይከፈት በረቱ ውስጥ ይግቡ። ጎንበስ ብለው በላሟ አፍንጫ ልክ ሦስት ጊዜ ይተንፍሱ። ዓይንዎ ካቃጠለዎት የሽንቱ አሞኒያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስትስብ አድራለች። የቤቱ ጭስም ወደ በረቱ የሚገባ ከሆነ ባሰ። ከጣራው ሥር በሁለት በኩል አየር ማስወጫ ይክፈቱ፤ ጉዝጓዙን በየቀኑ ያውጡ።

በጭስ ከብት እንደሚሞት ዓለም በደንብ ያየው ለንደን ላይ ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1952 ከተማዋን የድንጋይ ከሰል ጭስና ጉም ለአምስት ቀን ሸፈናት። በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ያኔ ከተማው ውስጥ ትልቅ የከብት ኤግዚቢሽን ነበረ። ለሽልማት የተቀለቡት ድልብ ሰንጋዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ይወድቁ ጀመር፤ የሞቱም የታረዱም ነበሩ። ሰው ጉዳዩን ገና ሳያስተውለው ከብቶቹ ተናግረው ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አርሶ አደር «ከብቴ አሳላት» ሲለኝ ችላ አልልም።

ስለዚህ አየሩን አስተካክለው በሁለት ሳምንት ሳሉ ካልተወ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። የሳንባ ትል ሊሆን ይችላል። ድቅል ላም ስለሆነች የከብት ሳንባ ነቀርሳንም ሐኪሙ በቆዳ ምርመራ ይይላት። እስከዚያው ወተቱን ሳያፈሉ ማንም እንዳይጠጣ፤ በተለይ ልጆች።

አሁን ልጅዎ ያነሣው የማስረጃ ጉዳይ። ልጅ አዋቂ ነው።

አራት ነጭ ሳህን ያዘጋጁ። ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቧቸው። ዝናብ በሌለበት ቀን አንዱን ከክሬሸሩ በ100 ሜትር፣ አንዱን በ200፣ አንዱን ማሳዎ ላይ፣ አራተኛውን ከነፋሱ በተቃራኒ በኩል ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ሁሉም ከመሬት አንድ ከፍታ ላይ፣ እንጨት ላይ ይሁኑ። ከ24 ሰዓት በኋላ ጎን ለጎን አድርገው ፎቶ ያንሡ፤ ቀኑን ይጻፉ። ክሬሸሩ በሚሠራበት ቀንና በማይሠራበት እሑድ ይድገሙት። ነፋሱ ወዴት እንደሆነ የምድጃ ጭስ አይተው ይመዝግቡ።

ሁለተኛው ማስረጃ ማሳው ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ባቄላዎ ውስጥ፣ ዝናብ ሲያቆም፣ አምስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ቦታ ይከልሉ። በየሦስት ቀኑ ማለዳ በንጹሕ ውኃ ቅጠሉን ይጠቡት። አጠገቡ ያለውን እኩል ቦታ አይንኩት። ሲደርስ ሁለቱን ለየብቻ አጭደው ይመዝኑ። ልዩነቱ በኪሎ የተመዘነ ቃል ነው። ማጠቢያው ግን የቱ-ፎር-ዲው ፓምፕ እንዳይሆን፤ አደራ!

ይህን ይዘው መጀመሪያ ወደ ክሬሸሩ ባለቤት ይሂዱ። የሚጠይቋቸው ነገር ከባድ አይደለም። ድንጋዩ የሚሰበርበት አፍና ጠጠሩ የሚወርድበት ቦታ ላይ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ፣ ማመላለሻ ቀበቶው ላይ ክዳን፣ መንገዱ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ የውኃ ቦቴ፣ መኪኖቹ ላይ ሸራ። በደንብ የሚሠሩ ክሬሸሮች ይህን ያደርጋሉ። ብዙዎቹ የማያደርጉት ስላልተቻለ አይደለም፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው።

እምቢ ካሉ ወደ ወረዳው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኙ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ስለዚህ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ ኮፒው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱበት። ቀን የሌለው ወረቀት ሠላሳ ቀኑን አያስቆጥርልዎትም። የተጠማዘዘውን ባቄላና የላሟን ሳል አቤቱታው ውስጥ አያስገቡ። ንቦቹን፣ መኖውንና ሳህኖቹን ያስገቡ።

እስከዚያው በክሬሸሩ በኩል ባለው ድንበር ላይ በሁለት ረድፍ ይትከሉ። በውጭ በኩል ጽድ ወይም ወይራ፣ በውስጥ በኩል ትሪሉሰርን። አጥሩ እንደ ግንብ ድፍን አይሁን። ነፋሱ ግንብ ሲያጋጥመው ዘሎ አቧራውን ማሳው መሐል ይጥለዋል፤ ቅጠል ውስጥ ሲያልፍ ግን ይደክምና አቧራውን እዚያው ይተወዋል። ትሪሉሰርን አበባው ለንብ፣ ቅጠሉ ለላም ነው። በበጋ ግን ሳያጥቡ አይስጧት። ባሕር ዛፍ እንዳይተክሉ፤ የባቄላውን ውኃ ይጠጣብዎታል።

ሳህኖቹን ልጅዎ ያስቀምጣቸው፤ ፎቶውንም እሱ ያንሣው። ፎቶዎቹ ሲደርሱኝ አቤቱታውን አብረን እናረቃለን።